ሰባተኛው በርሜል

«ሄሎ… ሄሎ! ማነው? ጮክ በል፣ አይሰማኝም!… ጋሼ? አንተ ነህ?»

ሉሊት ስልኩን ያነሳችው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ ነው። አንድ እጇ ሥራ ይዟል፤ የመጋዘኑን ጥበቃ የሽማግሌውን የጋሻዬን ጭንቅላት በሻርፗ ጠፍንጋ ይዛለች። ሻርፑ ጠዋት ነጭ ነበር። የደወለላት ታላቅ ወንድሟ ኦይታ ነው። ኦይታ ደግሞ ከብረት በሩ ማዶ፣ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሁለት መቶ ከሚሆን የላንቴ መንደር ሰው ጋር ቆሟል። በእጁ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ይዟል። እንግዲህ መጋዘን ሊያቃጥል የመጣ ሰው ቀድሞ ስልክ ሲደውል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኦይታ እንደዚያ ነው። በቸርቹ የመስተንግዶ ኃላፊ ሆኖ ዕድሜውን ስለፈጀ ነው መሰለኝ፣ ጥፋትም ቢሆን በሥርዓት ሲሆን ይወዳል።

«አዎ፣ ውስጥ ነኝ። አውቀህ አይደል የደወልከው?… አልወጣም።… አልወጣም አልኩህ ጋሼ!… አዎ፣ በአማርኛ ነው የማወራህ። በጋሞኛ ካወራሁህ አለቅሳለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ለለቅሶ ጊዜ የለኝም።… ምን? ምን አልክ?… መጀመሪያ ድንጋዩን አስቁምልኝ! ቆርቆሮው ላይ እየዘነበ እንዴት አድርጌ ልስማህ?… አባባ ጋሻዬ፣ እባክዎ አይነሱ! ይተኙ!… አንተን አይደለም። ሽማግሌውን ነው።»

ጋሻዬ ለመቀመጥ ሞከረና አቃተው። ከንፈሩ ተተርትሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ጠፍቷል። የሚናገረው ነገር ያለ ይመስል እጇን ይጎትታል።

«ማን መታው ትለኛለህ? እናንተ ናችኋ! በሩን ልዝጋ ብሎ በወጣ በፌሮ ነው ያሉት። ሁለት ጥርሱ እዚህ መሬት ላይ ነው፣ ላንሳልህ?… ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው! ማክሰኞ ልጅህን ቤተልን ስንቀብር አካፋ ይዞ አፈር ሲመልስልህ የነበረ ሰውዬ ነው።… ውሻውን ሳይቀር ነው የገደላችሁት ጋሼ። ውሻው ምን አደረጋችሁ?»

ወዲያ ማዶ አንድ ነገር ተባለ መሰለኝ፣ ድንጋዩ ትንሽ ጋብ አለ። ያኔ የሚሰማው የጥበቃ ቤቷ ስትቃጠል የምትንጣጣው ብቻ ሆነ። እሷን ቀድመው ነው የለኮሷት። ከሣርና ከጭቃ የተሠራች ስለሆነች ለመለማመጃ አልከፋችም።

«እሺ፣ አሁን ይሰማኛል። ስማኝ። ትሰማኛለህ?… ፖሊስ እየመጣ ነው ብዬ አልዋሽህም። ሦስቴ ደውያለሁ፣ መኪናው ገረሴ ወጥቷል ነው የሚሉኝ። ስለዚህ ያለነው እኔና አንተ ነን።… እዚህ ውስጥ ያለው ጭድ አይደለም። ሠላሳ ቶን የተባይ መርዝ ነው። ዲዲቲ አለ፣ ማላታይን አለ፣ እኔም ስሙን የማላውቀው አለ። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል፣ አይጡም እዚያው ደርቋል።… ይኼ በእሳት አይጠፋም ጋሼ! ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። የት ነው የሚወርደው? ቀና በልና የሙዙን ቅጠል እየው። ወዴት ነው የሚያጎነብሰው?… ተናገራ!… ወደ ላንቴ። አዎ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከአባያ ነው የሚመጣው፣ ይኼን ለገበሬ እኔ ልንገር? እናታችን ደጅ ተቀምጣለች። የቤተል ታናናሾች ደጅ ናቸው። እሳቱን ለኩሰህ ወደ ቤትህ ብትሮጥ ጭሱ ይቀድምሃል።»

ሉሊት ይኼን የምትለው ለማስፈራራት አይደለም። የዞኑ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት፤ ያንን መጋዘን የእናቷን ጓዳ ያህል ታውቀዋለች። የድሮው የጥጥ እርሻ ሲፈርስ ትራክተሩን ወሰዱት፣ መስኮቱን ነቀሉት፣ ሽቦውን ቆርጠው ሸጡት። መርዙን ግን የሚሰርቀው ሌባ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጆንያው እየተቀደደ፣ የቆርቆሮ በርሜሉ ቂጥ ከዝገት እየረገፈ፣ ፈሳሹ ሲሚንቶውን ሰንጥቆ እየሰረገ እዚያው ቀረ። በጓሮው በኩል ሣር አይበቅልም። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ገብታ ያደረች ላም ጠዋት እግሯን ሰቅላ ተገኝታለች።

«መንግሥት አመጣው፣ መንግሥት ያውጣው? እኔስ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩ ነው? ስንት ደብዳቤ ነው የጻፍኩት! አንተ ራስህ "እቺ ልጅ ከሰው ጋር ሳይሆን ከበርሜል ጋር ነው የተጋባችው" ብለህ ስቀህብኝ የለ?… አዎ፣ ብሩ ዘንድሮ መጣ። መጣ! አልመጣም አላልኩም።… የት ሄደ? የት እንደሄደ አንተ አታውቅም?»

እዚህ ላይ ሉሊት ሳቀች። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም፣ አንዳንዴ ንዴት በዚያ በኩል ይወጣል። ብሩ የተለመነው አዲስ በርሜል ተገዝቶ መርዙ እንዲገለበጥበት፣ ከዚያ በመኪና ወደብ ወርዶ፣ እንዲህ ያለውን የሚያነድ ልዩ ምድጃ ካለበት አገር ተልኮ እንዲቃጠል ነበር። በርሜሉ ተገዛ፤ አርባ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ ፌስታሉ ያልተላጠ። ቀጥሎ «ቅድሚያ ኅብረተሰቡ ይወቅ» ተባለና ከተማ፣ ሴቻ ላይ ሆቴል ተይዞ የሦስት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ተደረገ። ለመኪናው ሁለት ጊዜ ጨረታ ወጣ፤ መርዝ ልጫን ብሎ የሚወዳደር ጠፋ። ሦስተኛው ጨረታ ሳይወጣ ሰኔ ሠላሳ ደረሰና የተረፈው ብር ወደ ካዝና ተመለሰ። ሉሊት አንድ በርሜል ሞልታ ሁለተኛውን ሳትጀምር ሥራው ቆመ።

«… አበሉን ማን በላ ትለኛለህ? እኔ በልቻለሁ። አንተስ? ሦስት ቀን ሴቻ ተቀምጠህ ክትፎ አልበላህም? አልፈረምክም?… ያ ከኋላህ የሚጮኸው ሽመክት አይደለም? ድምፁን አውቀዋለሁ። እሱ ሁለት ቦታ ነው የፈረመው፣ አንዱን በወንድሙ ስም። ጠይቀው! መርዙ የሚወጣበትን ብር ቁጭ ብለን ነው የበላነው፣ እኔም አንተም ፌሮ የያዘውም። ሲያልቅ ደግሞ ተነስተን አጨበጨብን።… አትቆጣ። እውነት ስለሆነ ነው የምትቆጣው።»

ድንጋዩ እንደገና ጀመረ። አንዱ የቆርቆሮውን ክዳን በስቶ ገባና ከጋሻዬ እግር አጠገብ ሲሚንቶውን ገመሰው። ሉሊት ሽማግሌውን በብብቱ ይዛ ወደ ግድግዳው ጎተተችው፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ወትፋዋለች።

«ሄሎ… አለሁ። አለሁ፣ አልሞትኩም።… ስለ በርሜሎቹ? ጠብቄህ ነበር። እስካሁን ስለ በርሜሎቹ ያልጠየቅከኝ ለምንድነው እያልኩ ነበር።»

ለማያውቅ ልንገር። ባለፈው እሑድ ላንቴ ላይ የቸርች ኮንፈረንስ ነበር። ከየቦታው ሦስት ሺህ ሰው ይጠበቅ ስለነበር የሚጠጣ ውሃ መያዣ ያስፈልግ ነበር። በዚህ አገር ድንኳኑ የእድር ነው፣ አግዳሚው የትምህርት ቤት ነው፣ ብረት ድስቱ የጎረቤት ነው፤ ለጉባኤ የተባለ ዕቃ «የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ኦይታም ወደ እህቱ መጣ። አዲስ በርሜል ያለ ሥራ ተከምሮ እያየ ወንድም «አውሺኝ» ሲል «የመንግሥት ነው» ይባላል? አልተባለም። ሉሊት ስድስት በርሜል ቆጥራ ሰጠችው።

እሑድ ፀሐዩ ሲበረታ ወጣቶቹ ውሃውን ሞሉ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ስኳር በተኑበት። መዘምራኑ ቀድመው ጠጡ። የኦይታ ልጅ ቤተል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሁለተኛውን መዝሙር ሳትጨርስ ማይኩን እንደያዘች ወደቀች። አፏ አረፋ ሞላ፣ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ አባቷ እቅፍ ውስጥ ባጃጅ ላይ ሞተች። ዘጠኝ ሰው ሆስፒታል ተኛ፤ ሁለቱ እስካሁን ዓይናቸውን አልገለጡም። በርሜሎቹን ሰው በዚያው ሰዓት በመጥረቢያ ከታተፋቸው። የትኛው ምን እንደያዘ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

«ስማኝ ጋሼ። ከእሑድ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስድስቱን አንድ በአንድ በጭንቅላቴ እየገለባበጥኩ ነው የማድረው። ፌስታሉን ራስህ ነህ የላጥከው። አስታወስክ?… ስድስቱም አዲስ ነበሩ። በእጄ ነው የቆጠርኩት። ምንም የገባበት አንድም አልነበረም። ታዲያ ከየት መጣ? ንገረኝ፣ ከየት መጣ?… ሄሎ?… ሄሎ፣ ጋሼ? ተቋረጠ እንዴ?… ትሰማኛለህ?… ስንት?»

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ሰባት?… ስድስት ነው የሰጠሁህ።… ቅዳሜ? ቅዳሜ እኔ ሴቻ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።… ከማን ተቀበልክ?… ቆይ። ቆይ ጋሼ፣ አትዝጋው። አንድ ጊዜ።»

የስልኩን አፍ ጡቷ ላይ ደፍና ወደ ጋሻዬ ዞረች። «አባባ፣ ቅዳሜ ለወንድሜ በርሜል ሰጥተውታል?»

ሽማግሌው ከቅድም ጀምሮ እጇን ሲጎትት የነበረው ለዚህ ነበር። በተሰበረ አፉ፣ ደም እየተፋ፣ ቃል በቃል ነገራት። ኦይታ ቅዳሜ ቀትር ላይ በባጃጅ መጣ። እንግዳው ከታሰበው በላይ ነው፣ ስድስት አይበቃም አለ። አዲሶቹ ያሉበት ክፍል ተቆልፎ ቁልፉ ሉሊት ጋ ነበር። በሩ ሥር ግን አንድ ሰማያዊ በርሜል ለብቻው ቆሟል። ጋሻዬ «እሱን ተወው፣ ለዚህ አይሆንም» አለው። ኦይታ «ያው አንድ ዓይነት ነው፣ አጥበዋለሁ» አለ። ቧንቧው ሥር ወስዶ ሦስት ጊዜ አለቀለቀው፣ አፍንጫውን ከትቶ አሸተተው፣ ራሱ ተሸክሞ ባጃጁ ላይ ጫነው። ጋሻዬ አልከለከለውም። የቸርች ሰው ነው፣ የባለሙያዋ ወንድም ነው፣ እንዴት ይከልክለው? ከእሑድ በኋላ ደግሞ ፍርሃት አፉን ያዘው።

ሉሊት ወደ በሩ ሥር አየች። ከእሑድ ወዲህ በሆስፒታልና በለቅሶ ቤት መካከል ስትመላለስ መጋዘኑን የረገጠችው ዛሬ ነው፤ ገና ሳትዞረው ሰዉ ደረሰ። በሩ ሥር አቧራው ላይ አንድ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

እዚያ የነበረው ያ የሞላችው አንድ በርሜል ነው። ማላታይን ነበረበት። ክዳኑ ተሰንጥቆ ሲያንጠባጥብ ገልብጣ ባዶውን ለብቻ አቆመችው። ሕጉ እንዲህ ያለ በርሜል ሰው እንዳይጠቀምበት ወዲያው ተበስቶ ይጣል ይላል። ግን አዲስ የመንግሥት ንብረት ነዋ! ያለ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የመንግሥት ንብረት የበሳ ሰው ኦዲት ሲመጣ ከደመወዙ ይከፍላል። ሉሊት «እንድበሳው ይፈቀድልኝ» ብላ ጽፋ ነበር። ኮሚቴው አልተሰበሰበም። አንድ ምስማርና አንድ መዶሻ ይበቃ ነበር፤ መዶሻው እዚያው መስኮቱ ላይ ነው።

ስልኩ ጡቷ ላይ በኦይታ ድምፅ ይጮኻል። አነሳችው።

«አለሁ።… አዎ፣ ጠየቅኩት።… ጋሼ፣ መጀመሪያ ከሰው ራቅ በል። ሽመክት አጠገብህ ነው? ራቅ በለው።… ራቅህ?… እሺ። አሁን ጠይቀኝ።»

ሰባተኛው መርዝ ነበረበት ወይ ብሎ ጠየቃት። ያን ያህል ሰው አስከትሎ፣ ያን ያህል ቤንዚን ተሸክሞ፣ ስልክ የደወለው ለዚህች አንዲት ጥያቄ ነበር፤ እሷም አሁን ገባት። ከእሑድ ጀምሮ እሱም እንቅልፍ የለውም። እሱም እንደሷ በርሜል ሲያገላብጥ ነው ያደረው፣ ልዩነቱ የእሱ ሰባት መሆኑ ነው። መጋዘኑን ማቃጠል የፈለገው መልሱን አብሮ ለማቃጠል ነው።

ከጎኗ ጋሻዬ በክርኑ ተነስቶ፣ ያ የተሰበረ አፉን ከፍቶ፣ ወደ ስልኩ ሊጮህ አየር ሳበ። ሉሊት በመዳፏ አፈነችው። ቁስሉን እንደምትጨፈልቅ ታውቃለች፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል ሲወጣ ይሰማታል፣ ግን አልለቀቀችውም።

«… ምንም አይደለም፣ ሽማግሌው ነው። ይቃዣል። ጭንቅላቱን ነዋ የመታችሁት።… አንድ ጊዜ ጋሼ።»

ስልኩን ደፍና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ይኼን እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው። አደራ።… አደራ አልኩዎት! ልጁን በገዛ እጁ እንዳጠጣት ከሰማ ቤንዚኑን መጋዘኑ ላይ አይደለም የሚያፈሰው፣ ራሱ ላይ ነው። ያን ወንድሜን አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ዝም ይበሉልኝ።»

የጋሻዬ ደህና ዓይን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ተዘጋ። መዳፏን አነሳች።

«ሄሎ… ጋሼ? ሰባተኛው ንጹህ ነበር።… ንጹህ ነበር እልሃለሁ! እኔ ራሴ ነኝ እዚያ ያቆምኩት። ክዳኑ ስለተሰነጠቀ ነው ለብቻው ያደረግኩት እንጂ ምንም አልገባበትም።… አጠብከው? ሦስቴ?… ደግ አደረግህ። ንጹህ ነገር ነው ያጠብከው።… አልሸተተህማ፣ ምን ሊሸትህ? አዲስ ፕላስቲክ ነው የሚሸተው።… አታልቅስ። እንደዚያ አታልቅስ፣ ሰዉ ያየሃል።… አዎ። አዎ ወንድሜ። አንተ አይደለህም።»

ጉንጯን ነከሰች። ቀጣዩ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቃለች። ልጅ የሞተበት ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

«… ታዲያ ከየት መጣ ትለኛለህ?… ከስድስቱ ነው።… ቅድም ዋሽቼህ ነው። ፈርቼ ነው የዋሸሁህ። ከስድስቱ አንዱን ለሙከራ መርዝ ሞልቼው ነበር። ከዚያ ገለበጥኩት፣ ለይስሙላ አጠብኩት፣ ፌስታሉን መለስኩበትና ከአዲሶቹ ጋር ደባለቅኩት።… ቸኩዬ ነዋ! ስብሰባ ነበረብኝ።… አንተ ስትመጣ ረሳሁት። ረሳሁት ጋሼ። ሌላ የምልህ የለኝም። እኔ ነኝ የሰጠሁህ፣ በእጄ ቆጥሬ። ቤተልን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ምን እንደተባለ እሷም በቅጡ አልሰማችም። ሰው እንዲህ ሲጮህ ቃል አይለይም። ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ ጩኸቱ በስልኩም በበሩም በኩል ደረሳት። አእምሮዋ ግን ሥራውን አላቆመም። ንዴቱ አሁን ሰው አግኝቷል፤ ከእንግዲህ ከመጋዘኑ ማራቅ ነው የቀራት።

«… ጨርሰህ ሰደብከኝ? አሁን ስማኝ።… ስማኝ! ስፒከር ላይ አድርገው። አድርገው አልኩህ፣ ሰዉ ይስማኝ። ስልኩን ከፍ አድርገህ ያዝ።… አደረግከው?… የላንቴ ሰዎች! ሉሊት ነኝ። ድንጋዩን ያዙት፣ አንዴ ስሙኝና ትወረውራላችሁ። እሑድ የሞተችውን የገደልኳት እኔ ነኝ። የተኙትንም ያስተኛሁ እኔ ነኝ። መርዝ የነበረበትን በርሜል ሳላውቅ ሳይሆን ሳልጠነቀቅ ሰጥቻለሁ። መንግሥት አይደለም፣ ጋሻዬ አይደለም፣ መጋዘኑ አይደለም። እኔ ነኝ።… ሽመክት፣ አትጩህብኝ፣ እመጣልሃለሁ! አሁን እወጣለሁ። ግን አንድ ነገር አለኝ። በዚህ መጋዘን ላይ አንድ ክብሪት እንዳይጫር። ከተጫረ የምትሞቱት እናንተ ናችሁ፣ ማታ ሳይደርስ፣ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ። ሽማግሌው ውስጥ ነው፣ እሱንም እንዳትነኩ።… ጋሼ፣ ስፒከሩን አጥፋው።… አጠፋኸው?»

ድንጋይም የለም፣ ጩኸትም የለም። ሁለት መቶ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል ሰምቶ ያላወቀ ሰው ይፈራዋል፣ ሉሊትም ፈራች።

«እናንተ የቸርች ሰዎች አትምሉም፣ አውቃለሁ። እኔም አላስምልህም። "እሺ" በለኝ ብቻ። አንተ እሺ ካልክ ሰዉ አይነካውም።… መጋዘኑን አታቃጥሉም?… ጋሼ፣ እሺ በለኛ!… አልሰማሁህም፣ ጮክ በል።»

ጠበቀች። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች።

«… እሺ። ሰማሁህ። ይበቃኛል።… ሌላ? ሌላ የለኝም። እናቴን… አይ፣ ተወው። ለእሷ ምን እንደምትላት አንተ ታውቃለህ።… በል አሁን ዝጋው። አይ፣ አንተ ዝጋው፣ የኔ እጅ ደም ነው፣ ስክሪኑ እምቢ ይለኛል።… ዝጋው ጋሼ።»

ዘጋው።

ስልኩን ጋሻዬ ደረት ላይ አስቀመጠችለት። ሽማግሌው ቀሚሷን ያዘ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀች። የብረት በሩን ገፍታ ከፍታ ወጣች፣ ከውጭ ቆለፈችው፣ ቁልፉን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ አንሸራተተች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረች። ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ያሳደጓት ሰዎች ናቸው፤ የሰፈሯ ሰንበት ትምህርት አስተማሪ አለ፣ ዳቦ የምትሸጥላት ሴትዮ አለች፣ ሽመክት ፌሮውን ይዞ አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እጇን ወደ ጎን ዘርግታ አምስት እርምጃ ከበሩ ራቀች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሯ ላይ አረፈ። የወረወረው ኦይታ ነበር።

ከዚያ የሌላው ሁሉ ተከተለ። ሉሊት በጉልበቷ ስትወርድ፣ ደሙ አንድ ዓይኗን ሳይጋርደው በፊት፣ በሰዉ እግሮች መካከል ጀሪካኑን አየችው። ኦይታ ድንጋዩን ለማንሳት ብሎ መሬት አስቀምጦት ነበር። ክዳኑ አልተከፈተም።